ሰላሳ ሁለት ፍሬ ገብስ

ላሊበላ ውስጥ ባለው የመንግሥት ሆቴል ሳሎን ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ሆቴሉ ከባለቤቱ ሲወረስ ማጫወቻውም አብሮ ተወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የሰልፍ ዘፈን ብቻ ይጮህበታል። መርፌውን የቀየረለት አንድ ሰው አልነበረም። ሕዝብን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩ የሚል መንግሥት አንዲት መርፌ መለወጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አቃተው። መርፌው ደንዝዞ ሸክላውን እንደ ማረሻ ያርሰው ነበር። ከታረሰው ላይ የሚነሣውን ግራጫ ብናኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ላሊበላ የመጣሁት ተመድቤ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሚዛን እንዲልኩልን አምስት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የመጣልኝ መልስ የመሪዎች ፎቶግራፍ ነው፣ ያውም ከነፍሬሙ። ይህን የማነሣው በኋላ ለሆነው ነገር ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ሚዛን ቢኖረን ኖሮ የገብስ ፍሬ ባልቆጠርን ነበር። ሐቁ ይኸው ነው።

ሐምሌ ሰባ ስድስት፣ ሰኞ ቀን፣ ፀሐይቱ ከገነተ ማርያም በእግሯ መጣች። የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሚስት ናት፤ መበለት ልበል እንጂ። ባሏን በጥር ሰባ ከሚያስተምርበት ዛፍ ሥር፣ ከተማሪዎቹ መሐል አንሥተው ወሰዱት። ሬሳውን አልሰጧትም። የት እንዳለም የነገራት የለም። ያን ጊዜ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች።

ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አንድ ሸክላ፣ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን፣ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ።

“መምህር፣ ይህ ነገር ይናገራል?” አለችኝ።

ደብዳቤውን አነበብኩላት። በስልሳ አምስት ዓመተ ምህረት አንድ ፈረንጅ ገነተ ማርያም መጥቶ የመሪጌታን ዜማ በቴፕ ቀርጾ ሄዶ ነበር። ዋናውን ቴፕ አገሩ አስቀረና ለመሪጌታ ይህችን አንዲት ሸክላ ላከ። ማጫወቻ በሌለበት አገር ሸክላ! እነሱም እግዜር ይስጥልን ብለው ተቀበሉ። ሸክላው ደግሞ ገበያ እንደሚሸጠው ደረቅ አይደለም። ስስ ብረት ላይ የተቀባ ለስላሳ ጥቁር ቀለም ነው፤ ድምፁም የተቀረጸው ቀለሙ ላይ ነው። ጥሩ መርፌ ጥቂት ጊዜ ያጫውተዋል። የሆቴሉ ዓይነት መርፌ ከነካው ግን በመጀመሪያው ዙር ቀለሙን ፍቆ ይጥለዋል።

ፈረንጁ ይህን ስለሚያውቅ በቆርቆሮዋ ሣጥን የራሱን መርፌ ልኮላቸዋል። መርፌዋ ከነቤቷ ናት፤ ባለሙያዎች ካርትሪጅ ይሏታል፤ የመርፌዋን ንዝረት ተቀብላ ወደ ድምፅ የምትለውጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ዕቃ ናት። ደብዳቤው ሁለት ነገር ያስጠነቅቃል። አንደኛ፣ የመርፌዋ ስፕሪንግ ለስላሳ ስለሆነ መርፌ የሚሸከመው የማጫወቻው ክንድ ቀላል ይሁን፤ ከባድ ክንድ ካሸከማችኋት እላይ እታች ትዋዥቃለች። ሁለተኛ፣ ሸክላው ላይ የምታርፍበት ክብደት ከአንድ ግራም ተኩል እስከ ሁለት ግራም ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ሸክላውን ትበላዋለች፤ ካነሰ ከመስመሯ ዘልላ ትቆርጠዋለች።

“ይናገራል፣ እቴ ፀሐይቱ” አልኳት። “ደኅና የሚናገረው ግን አንድ ጊዜ ነው ብለን እናስብ።”

“አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ካሴት ላይ አግባልኝ። ዓለምእሸት ደሴ እህቴ ዘንድ ናት፣ እህቴ ቴፕ አላት።” ቆርቆሮ ሣጥኗን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ቀጠለች፦ “ስድስት ዓመት ሞላት። አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ትለኛለች፤ ቁመቱን ነገርኳት፣ መልኩን ነገርኳት። ድምፅ እንዴት ይነገራል፣ መምህር?”

“መቼ ነው የምትሄጂው?”

“ሐሙስ። ቤት ውስጥ ምንም የለም። ወልድያ እህል ይሰጣሉ ይላሉ።”

ቁርጭምጭሚቷን አየሁ፤ አብጧል። ወልድያ በእግር የስንት ቀን መንገድ እንደሆነ ለእሷ መንገር አያስፈልግም ነበር።

የዚያኑ ዕለት የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሞላ ቢሮ ገባሁ። ሞላ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ካኪ ከመልበሱ በፊት ዲያቆን ነበር፤ መሪጌታን ሲወስዱት ከዛፉ ሥር ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ እሱ ነበር። መምህሩን ያስያዘው እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ማስረጃ አልነበረኝም። ፊቱን ሳየው ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር።

“ኧረ መምህር አረጋ! ምን እግር ጣለህ? የሰፊው ሕዝብ ጠላት ፊዚክስ ነው ወይስ እኔ?”

“የሆቴሉን ማጫወቻ ልጠግነው ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ትፈልገው የለ?”

“በነፃ?”

“ሞተሩ በበራበት አንድ ሰዓት የራሴን ሸክላ ላጫውትበት። የሆቴሉንም ቴፕ ልጠቀም።”

“ሮብ ምሳ ላይ የኮሚቴ እንግዶች አሉብኝ፤ ጄኔሬተሩ ያኔ ይበራል። ምሳ በልተው እስኪነሡ ድረስ ጊዜው ያንተ ነው።” ብዕሩን አስቀመጠ። “የማን ሸክላ ነው?”

“የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል።”

“የየኔታ?” አለ። ከአፉ አምልጦት ነው። ወዲያው ወረቀቱን መገልበጥ ጀመረ። “ሮብ። ከምሳ በኋላ አንዲት ደቂቃ የለህም።”

የኔታ ይላል። እኔ ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ።

የሆቴሉ ክንድ ለፈረንጁ መርፌ ፈጽሞ አይሆንም፤ ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው። አዲስ ክንድ የሚሠራልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብር ሠሪው አብዱልጀባር። ከመርሳ መጥቶ ላሊበላ የከተመ ሰው ነው፤ ለቱሪስት መስቀል ይሠራ ነበር። ቱሪስቱ ከቀረ ቆይቷል። የሱቁ መደርደሪያ ላይ ከቀሩት ዕቃዎች አንዱ የብር መመዘኛው ሚዛን ነው፤ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች በክር የተንጠለጠሉበት። ትንንሾቹን የሚዛን ድንጋዮች ግን በመጋቢት በሁለት ጣሳ ጤፍ ለውጧቸዋል።

ከተሰበረ ራዲዮ ላይ አንቴናውን ነቀልን። ስስ፣ ባዶ ቧንቧ፤ እንደ ሸንበቆ ቀላል ነው። አብዱልጀባር ጫፉን ጠምዝዞ ለመርፌዋ ቤት መቀመጫ የሚሆን ስስ ብር በየደው። በወዲያኛው ጫፍ በኩል ክንዱን የሚያመዛዝን ክብደት ያስፈልግ ነበርና ከጨርቅ ቋጠሮ የንግሥት ምስል ያለባት አንዲት ማርትሬዛ ብር አወጣ። መሐሏን በስቶ ቧንቧው ላይ አጠለቃት፤ ወደፊት ስትገፋ መርፌዋ ትቀልላለች፣ ወደ ኋላ… አይ፣ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ኋላ ስትሸሽ ነው የምትቀልለው። ዛሬም እጄን ካላንቀሳቀስኩ ይምታታብኛል።

“ይችን ሴትዮ ሰው አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥላት ነው የማውቀው” አለ ብሯን እያገላበጠ። “እሷ ሌላውን ስትሸከም ይኸው ዛሬ አየሁ። ለአብዮቱ ዘመተች በላ!”

ሚስቱ ኡሙሀኒ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጡት ታጠባለች። ልጁ ይጠባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይጠባል። ከጡቷ ብዙ የሚወጣ እንዳልነበረ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

“ክብደቱን በምን እናውቃለን?” አልኩ።

አብዱልጀባር ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የሱረት ቆርቆሮ አወጣ፤ ግን አልከፈተውም፣ ጆሮዬ አጠገብ አንቀጫቀጨው። “ገብስ ነው። አባቴ ድንጋይ ከመግዛቱ በፊት በዚህ ነበር የሚመዝነው። በደጉ ዓመት፣ ዝናብ ጠግቦ ከበላ ማሳ የተለቀመ። ስልሳው ፍሬ አንድ ድሪም ነው፤ አይጎድልም፣ አይበልጥም።”

ኡሙሀኒ ቀና አለች። “አብዱልጀባር…” አለች።

“አቤት?”

“ምንም። ልጁ ነው።”

ድሪም የብር ሠሪ መለኪያ ነው፤ አንዱ ሁለት ነጥብ ስምንት ግራም ነው። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት፦ ሁለት ግራም አርባ ሦስት ፍሬ፣ አንድ ግራም ተኩል ሰላሳ ሁለት ፍሬ።

“መሐሉን እንያዝ፣ መምህር። ሰላሳ ሰባት፣ ሰላሳ ስምንት።”

“የለም። ሸክላው ለስላሳ ነው። ደብዳቤው የፈቀደውን የመጨረሻ ቀላል ነው የምንይዘው።”

“ሚዛን ጥግ ላይ ሲቆም አልወድም እኔ። ዕቃ ይሳሳታል፣ እጅ ይሳሳታል…”

“እኔ እኮ በእጄ አይደለም የምሠራው፣ ጋሽ አብዱልጀባር! ቁጥር ነው። ቁጥር አይሳሳትም።”

ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ክንዱ ሥራ ተመለሰ። ድንቁርናን አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ሮብ ቀትር ላይ ሆቴሉ ገባን። ፀሐይቱ ሸክላውን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፋለች። ኡሙሀኒ ልጇን አዝላ ሚዛኑንና የሱረት ቆርቆሮውን ይዛለች፤ የተከተለችን ከወጥ ቤቱ የሚወድቅ ነገር ይኖር ይሆን ብላ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል፣ ማናችንም አላነሣነውም። ከጎን ካለው ምግብ ቤት የጥብስ ሽታ ይመጣል። ኮሚቴው በአንድ አፍ ይስቃል። ከዚያ ሳቅ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከሆቴሉ አጥር ውጭ፣ ረሃብ ከፍላቂት በኩል ያወረዳቸው ሰዎች መሬት ላይ ተኝተው ነበር። እንግዶቹ በመኪና ሲገቡ እነዚያን ሰዎች አላዩም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

አዲሱን ክንድ ገጠምን። አብዱልጀባር ሚዛኑን ማጫወቻው አጠገብ አቆመ። መርፌዋ አንዱ ሳህን ላይ ትቀመጣለች፤ ሌላው ሳህን ላይ ገብሱ ይገባል፤ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ማርትሬዛዋን ወደፊት፣ ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለት እጁ ብሯ ላይ ስለሆነ፣

“ገብሱን አንተ ቁጠር” አለኝ።

“ለእኔ ተወው።”

አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰላሳ ሁለት። ቅርፊታቸውን ለብሰዋል፣ ረዣዥም ናቸው፣ ቢጫ ናቸው። ደሴ ላደገ መምህር ገብስ ናቸው። ክንዱ ዝንፍ ሳይል ተመዛዘነ።

ፈተናውን በሆቴሉ የሰልፍ ዘፈን ሸክላ ጀመርን። ዘፈኑ ሁለት መስመር ሳይሞላ መርፌዋ ዘለለች። እንደገና አስቀመጥናት፤ እንደገና ዘለለች።

“ቀለለ መሰለኝ” አለ አብዱልጀባር።

“ሸክላው የታረሰ ነው! ስድስት ዓመት በማረሻ የታረሰ መስመር ምን መርፌ ይይዛል? የእኛ ሸክላ እኮ ያልተነካ ነው።”

ኡሙሀኒ ከኋላ መጣች። “መምህር፣ እባክዎ፣ ገብሱ…”

“ዝም በይ አንቺ! ጊዜ የለንም! ሚዛን ሥራ መካከል ነን!”

ወደ ግድግዳው ተመለሰች። ያን ጊዜ ፊቷን አላየሁትም፤ ዛሬ ግን አየዋለሁ።

ፀሐይቱ ሸክላውን ከጨርቁ አውጥታ ሰጠችኝ። አስቀመጥኩት። የቴፑን ማይክሮፎን ወደ ማጫወቻው ድምፅ ማጉያ አዙሬ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጫንኩና ክንዱን አወረድኩ።

መጀመሪያ የፈረንጁ ድምፅ መጣ፤ በተሰባበረ አማርኛ የቦታውን ስምና ወሩን ተናገረ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ጊዜ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም። ፀሐይቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ዜማው ተነሣ፤ ከታች፣ ከደረት፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ። ድምፁ ገና ወደ ላይ ሲዘረጋና ሲጠነክር መርፌዋ ከመስመሯ ወጣች።

ዘለለች አልልም፤ ሄደች። ጠርዝ ጠርዟን ይዛ ለስላሳውን ቀለም እየቀደደች እስከ መሐሉ ድረስ ተንሸራተተች። አብዱልጀባር ክንዱን ሲያነሣ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ነጩ ብረት በረዥም መስመር ተጋልጦ ነበር። መስመሩን ሁሉ አቋርጦታል። ከዚህ በኋላ የትኛውም መርፌ የትም ቢያርፍ በየዙሩ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይወድቃል።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ዜማው ቀጠለ።

ሞላ ነበር። የበሩን መቃን ተደግፎ፣ ዓይኑ ሸክላው ላይ፣ መርፌዋ ካቋረጠችበት ፊደል አንሥቶ ድምፁን አወጣው። በቀስታ፣ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ቀለም እንደሚቀጽል። የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስለኝም። ካኪው ላይ ዓርማ አድርጓል። ድምፁ ደግሞ… ደግሞ ጥሩ ነበር። ትክክል ነበር።

“አፍህን ዝጋ!” አልኩ። “አንተ ነህ እሱን የምታዜመው? አንተ? ገዳይ! ውጣ! ውጣ ከዚህ!”

ዜማው ተቋረጠ። ሞላ የነቃ ሰው መሰለ። ያስረኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ዞሮ ወደ እንግዶቹ ሄደ። እኔም የቴፑን ማቆሚያ ተጫንኩ።

“ቴፑን መልስልኝ” አለች ፀሐይቱ። “የገባው ይሰማኝ።”

ወደ ኋላ አጠነጠንኩት። ፈረንጁ ተናገረ። ጉሮሮ ተጠረገ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ዜማው ሊነሣ ሲል መብራቱ ጠፋ። እንግዶቹ ምሳቸውን ጨርሰዋል።

“እንዲህ ነበር የሚጠርገው” አለች። “ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው።” ካሴቱን ተቀብላ ጨርቁ ውስጥ፣ ሸክላው በነበረበት ቦታ፣ ጠቀለለችው።

አብዱልጀባር ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። አንድ ፍሬ ገብስ አንሥቶ በሁለት ጣቱ ጫን ሲለው ቅርፊቱ ታጥፎ ተኛ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ተጫነ። ሦስተኛውን።

“ይኼ የኔ ገብስ አይደለም” አለ።

ኡሙሀኒ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። “ወላሂ ልነግራችሁ ነበር” አለች። “በሚያዝያ ነው። ወተቴ ሦስት ቀን ነጥፎ… ያንተን ስልሳ ፍሬ ቆልቼ በላሁት። አንድ እፍኝ እንኳ አይሆንም፤ አንድ ቁንጥጫ ነው። ቆርቆሮው ባዶ እንዳይሆንብህ የዘንድሮውን፣ ከማሳ ላይ የደረቀውን ለቅሜ ጨመርኩበት። በቁጥር ስልሳ ነው። ሚዛን መቼም አንሠራም ብዬ ነው፤ ብር የሚያሠራ የት አለ አሁን?”

ልነሣባት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ባዶ ቅርፊት፣ ያውም ከጥጉ ጥግ ሰላሳ ሁለት ብቻ፣ መርፌዋን ከአንድ ግራም በታች አድርጓታል። የአብዱልጀባርን መሐል ይዘን ቢሆን እንኳ ባልበቃ ነበር። አንድ ጊዜ ልትናገር ተነሥታ ግን “ዝም በይ” ያላት ማን ነው? በረሃብ የተበላ ቁንጥጫ እህልና በትዕቢት የተዘጋ ጆሮ እኩል አይመዘኑም። አፌን ዘጋሁ።

ፀሐይቱ ተጠግታ ኡሙሀኒን ብድግ አደረገቻት። “ጠባ?” አለቻት።

“ምን?”

“ያን ጊዜ። ልጁ ጠባ?”

“ጠባ” አለች ኡሙሀኒ። “አንድ ሌሊት ጠባ።”

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይቱ ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ወረደች። ወልድያ አልደረሰችም። ሦስተኛው ቀን ላይ መንገድ ዳር ተቀመጠች፣ አልተነሣችም። ካሴቱን አብሯት የነበረ ሰው ወስዶ ለጭነት መኪና ሾፌር ሰጠው፤ ሾፌሩም ደሴ ድረስ አደረሰው። በዚያ ዓመት፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ አንድ ሰው አደራ ተቀብሎ አደረሰ። ይህንንም አብዮቱ አስተማረን የሚል አይጠፋም።

በኅዳር ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈችው የፀሐይቱ እህት ናት፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ግን ልጅቷ ስትናገር እንደወረዱ አስፍራቸዋለች። ካሴቱን በየቀኑ እንሰማዋለን ይላል። መጀመሪያ ፈረንጅ ይናገራል፤ ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ትንሽ ያዜማል፤ ከዚያ የሚቀደድ ነገር ድምፅ አለ።

ለካ ሞላ እስኪወጣ ድረስ ቴፑን አላጠፋሁትም ነበር፤ የሳሎኑን ድምፅ ሁሉ ሲቀርጽ ነበር።

ዓለምእሸት የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ከቀደዳው በኋላ በሩቁ ደስ በሚል ድምፅ የሚያዜም ሰው አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ እሱን እየሰደበ ውጣ የሚል ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አባቴ የትኛው ነው?

ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልመለስኩላትም።